ኤልቪስ ዘፋኝ ነው ዘማሪ? ለአንዲት ጠያቂ ረዘም ያለ መልስ

ጥያቄው እንዲህ ነው የመጣልኝ፦ «ጋሼ ሰላም ነው? ኤልቪስ ፕሪስሊ የሮክ ኤንድ ሮል ንጉሥ ነው ሲባል ነው ያደግነው። ሰሞኑን ሳነብ ግን ግራሚ ያሸነፈው ሦስቴ ብቻ ነው፣ ሦስቱንም በመዝሙር ነው ይላል። እውነት ነው? ከሆነስ ለገበያ ነው ወይስ ከልቡ? እኛ ጋ ዘፋኝ ዘማሪ ሲሆን ዘፈኑን ይተዋል፣ እሱ እንዴት ሁለቱንም ይዞ ኖረ? ከየት ልጀምር ማዳመጥስ?»

እሺ የኔ ልጅ፣ አጭሩን ላስቀድምልሽ። አዎ እውነት ነው። 14 ጊዜ ታጭቶ ሦስቴ ነው ያሸነፈው። አንዱ የ1967 ነው፣ «ሃው ግሬት ዛው አርት» በሚለው አልበም፣ ምንኛ ታላቅ ነህ እንደማለት ነው። ሁለተኛው የ1972፣ «ሂ ተችድ ሚ» በሚለው። ሦስተኛው የ1974፣ ያንኑ የመጀመሪያውን መዝሙር ሜምፊስ መድረክ ላይ ሲዘምረው በላይቭ በተቀዳው። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።) በ36 ዓመቱ የሰጡት የዕድሜ ልክ የክብር ሽልማት ለብቻው ነው፣ እሱ ውድድር የለውም። አንድ ነገር ግን ፍትሃዊ እንሁን፣ «ሃውንድ ዶግ» ለምን ግራሚ አላገኘም ብለሽ እንዳትናደጂ፣ ዘፈኑ የወጣው በ1956 ነው፣ ግራሚ የሚባል ነገር መሰጠት የጀመረው በ1959። «አር ዩ ሎንሰም ቱናይት» ግን ታጭቶ ነው የተሸነፈው፣ እሱን መናደድ ትችያለሽ።

እኔ ሥራዬ ድምፅ ማሠልጠንና ለኳየር ሃርመኒ፣ ማለትም ከዜማው ጋር የሚደረቡትን ድምፆች፣ ማዘጋጀት ነው፣ ሃያ ምናምን ዓመት አለፈኝ፣ ስለዚህ የምነግርሽ በጆሮዬ በኩል ያገኘሁትን ነው። እና ከብዙ ማዳመጥ በኋላ የገባኝ ነገር፣ ኤልቪስ ልጅ ሆኖ የተመኘው የመዝሙር ኳርቴት፣ አራት ሰው የሚዘምርበት ቡድን፣ ውስጥ መግባት ነበር፣ ሞክሮ አልተሳካለትም፣ ሮኩ እዚያ መሃል ድንገት መጣ፣ ከዛ በኋላ ባገኘው ገንዘብና ዝና ያን ኳርቴት ከኋላው አስቁሞ ኖረ። በዚህ መነጽር ካየሽው ግራሚው ምንም አይገርምም።

ከሥሩ እንነሳ። የተወለደው ጃንዋሪ 8 ቀን 1935 ሚሲሲፒ ውስጥ ቱፔሎ የምትባል ከተማ፣ ባለሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ነው። መንታ ነበር፣ ወንድሙ ሞቶ ነው የተወለደው፣ እናቱ ግላዲስ ከዛ በኋላ ሌላ ልጅ አልወለደችም። ቤተ ክርስቲያናቸው አሴምብሊስ ኦፍ ጎድ ነው፣ እኛ አገር ጉባኤ እግዚአብሔር የምንላት። ጴንጤ ማለት ነው በአጭሩ። እዛ ዝማሬ እጅን አጣምሮ ቆሞ የሚባል ነገር አይደለም፣ ይጨበጨባል፣ ሰውነት ይወዛወዛል፣ ሰባኪው ራሱ አንድ ቦታ አይቆምም። ፓስተሩ ፍራንክ ስሚዝ ጊታር ይጫወት ስለነበር ለልጁ ኮርድ ካሳዩት ሰዎች አንዱ እሱ ነው። በኋላ ጋዜጦች «ይሄ ልጅ መድረክ ላይ ምን ሆኖ ነው የሚንቀጠቀጠው» ብለው ሲጮኹ እኔ ሁሌ የምለው፣ ሰዎቹ አንድ እሁድ ጠዋት ቱፔሎ ሄደው ቢሆን መልሱን ያገኙት ነበር።

በ1948 ሥራ ፍለጋ ወደ ሜምፊስ ሄዱ፣ ልጁ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው። እና ሜምፊስ ለመዝሙር ወዳድ ልጅ ምን ዓይነት ቦታ እንደነበረች ልንገርሽ። ኤሊስ ኦዲቶሪየም የሚባል ትልቅ አዳራሽ አለ፣ እዛ ሌሊቱን ሙሉ የሚዘመርበት ፕሮግራም ይደረጋል። የኛን የአዳር ጸሎት የምታውቂ ከሆነ እንደዛ አስቢው፣ ልዩነቱ በትኬት ነው የሚገባው። ከየቦታው የመጡ ኳርቴቶች ተራ በተራ መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ሕዝቡ እንደ ኳስ ቡድን ነው የሚደግፋቸው፣ የራሱ ቡድን አለው ሁሉም ሰው። ኤልቪስ እዛ የማይጠፋ ልጅ ነበር። የመግቢያ ሳንቲም ሲያጣ ደሞ ጄ ዲ ሰምነር የሚባል ባስ ዘማሪ በኋላ በር ያስገባው ነበር፣ ይሄን የነገረን ራሱ ሰምነር ነው። ይሄን ስም ያዢው፣ መጨረሻ ላይ ተመልሶ ይመጣል።

ኳርቴት ማለት እዛ አራት ወንዶችና አንድ ፒያኖ ነው። ከላይ ቴነር አለ፣ ዜማውን ሊዱ ይይዛል፣ ባሪቶኑ መሃሉን ይሞላል፣ ከታች ባስ። ባሱ እዛ ሙዚቃ ውስጥ እንደኛ ከበሮ ነው፣ ምቱን የሚመታው እሱ ነው፣ በጉሮሮው። የኤልቪስ ቡድን ስቴትስመን የሚባሉት ነበሩ። ሊዳቸው ጄክ ሄስ ይባላል፣ እያንዳንዷን ቃል ጥርት አርጎ የሚያወጣ፣ መጨረሻ ላይ ድምፁን እያርገበገበ ሰማይ የሚያደርስ ሰው። ፒያኒስታቸው ሆቪ ሊስተር ፀጉሩ ፊቱ ላይ እየወደቀ ነው የሚጫወተው። ባሳቸው ደሞ፣ ቢግ ቺፍ ይሉታል፣ ሰፊ ሱሪ ለብሶ እግሩን ያንቀጠቅጥ ነበር፣ ሴቶቹ ይጮኻሉ። እንግዲህ የጄክ ሄስን ድምፅ፣ የሆቪን ፀጉርና የቢግ ቺፍን እግር አንድ ላይ አድርጊና ማንን እንደሚያስታውስሽ ንገሪኝ።

ይሄ የነጮቹ ወገን ነው፣ ሳውዘርን ጎስፕል የሚሉት። ሌላኛው ግማሽ ከከተማው ማዶ ነበር። በዛን ዘመን በሕግ የተለያየ ኑሮ ነው፣ ኤሊስ አዳራሽ እንኳ ጥቁሮች ለብቻቸው ነበር የሚቀመጡት። ኢስት ትሪግ የምትባል የጥቁሮች ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን አለች፣ ፓስተሯ ደብሊዩ ኸርበርት ብሩስተር መዝሙር ደራሲም ነው፣ ዘማሪቷን ማሃሊያ ጃክሰንን ታዋቂ ያደረገውን «ሙቭ ኦን አፕ ኤ ሊትል ሃየር» የጻፈው እሱ ነው። የእሁድ ማታ ፕሮግራሙ በሬዲዮ ይተላለፋል፣ አንዳንድ ነጭ ወጣቶች ግን ሬዲዮው አልበቃቸውም፣ ሄደው ኋላ ይቀመጡ ነበር፣ ኤልቪስም ከነሱ አንዱ ነው። እና ድምፁ ውስጥ ሁለቱም አለ። ቃላቱን ጥርት የሚያደርገው ከስቴትስመን ነው፣ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ ገብቶ ድምፁን የሚያጥፈው ግን ከኢስት ትሪግ ነው። ለሁለተኛው ወገን የሚገባቸው ክብርም ገንዘብም በጊዜው አልደረሳቸውም፣ ይሄን ሳልል ባልፍ ውሸት ይሆንብኛል። ሲስተር ሮዜታ ሳርፕ የምትባለዋን ፈልጊና ስሚ፣ ኤልቪስ ገና ልጅ እያለ በኤሌክትሪክ ጊታር መዝሙር ትዘምር የነበረች ጥቁር ሴት ናት፣ ሮክ ኤንድ ሮል ማን ጀመረው የሚል ክርክር ውስጥ ስሟን ሳይጠሩ የሚከራከሩ ሰዎች ያስቁኛል።

አሁን ወደምወደው ቦታ ደረስን። የብላክውድ ብራዘርስ የሚባሉ ሌላ ትልቅ ኳርቴት ሜምፊስ ነበሩ፣ የነኤልቪስም ቤተ ክርስቲያን አባላት ናቸው። ከነሱ ሥር ሶንግፌሎውስ የሚባል የወጣቶች ኳርቴት ነበር። ኤልቪስ ተፈተነ። አልተቀበሉትም። ቤት ገብቶ ለአባቱ «መዝፈን አትችልም አሉኝ» አለ ይባላል፣ በኋላ ሲብራራ ግን ያሉት ሃርመኒ መያዝ አትችልም ነው፣ ብቻውን ሲዘምር ጥሩ ነው፣ ከሌሎቹ ጋር ሲሆን ግን የተሰጠውን መስመር ይለቅና ወደ ዜማው ይሄዳል።

ይሄን ሳነብ ብቻዬን ነው የሳቅኩት፣ ምክንያቱም ልጁን አውቀዋለሁ! ኤልቪስን አይደለም፣ የሱን ዓይነት ልጅ። በየኳየሩ አንድ አለ። እኔ ካሠለጠንኳቸው ኳየሮች ባንዱ ውስጥ ቆንጆ ድምፅ ያለው ልጅ ነበረ፣ ባሪቶን ላይ አስቀመጥኩት፣ መስመሩን ብቻውን ሲል አንድም አይሳሳትም፣ ሊዷ ስትገባ ግን ሁለት ቃል ይቆይና ተንሸራቶ ከሷ ጋር ዜማው ላይ ይገኛል። ጆሮውን በጣቱ ድፈን አልኩት፣ ግድግዳ አስይዤ አቆምኩት፣ ወይ ፍንክች። ጆሮው ዜማ ነው የሚሰማው በቃ፣ ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። እንደዚህ ዓይነቱን ልጅ ወይ ሊድ ታደርጊዋለሽ ወይ ታጪዋለሽ። ሶንግፌሎውሶች አጡት፣ ሳም ፊሊፕስ የሚባል የስቱዲዮ ባለቤት ሊድ አደረገው።

ጊዜውን ደሞ እዪው። ጁን 30 ቀን 1954 የብላክውዶች አውሮፕላን አላባማ ውስጥ ክላንተን ላይ ወደቀ፣ ከዘማሪዎቹ ሁለቱ ሞቱ፣ አር ደብሊዩ ብላክውድና ባሱ ቢል ላይልስ። ጁላይ 2 ሽኝታቸው በዛው ኤሊስ አዳራሽ ተደረገ፣ ኤልቪስ ከፍቅረኛው ጋር እዛ ነበር። በሦስተኛው ቀን፣ ጁላይ 5፣ የሳም ፊሊፕስ ሰን ስቱዲዮ ገብቶ «ዛትስ ኦል ራይት» የሚለውን የመጀመሪያ ሥራውን ቀዳ። የዓለም ሙዚቃ የተለወጠባት ማታ የምትባለው ያች ናት፣ ልጁ ግን ገና ከለቅሶ የተመለሰ ነበር። በሞተው ባስ ቦታ ብላክውዶች የቀጠሩት ማንን መሰለሽ? ያንን በኋላ በር ያስገባው የነበረውን ጄ ዲ ሰምነርን።

አሁን «ለገበያ ነው ወይ» ያልሽው ላይ ልምጣ። ሰን ስቱዲዮ እያለ አንድም መዝሙር አላወጣም፣ ምክንያቱም እዛ መዝሙር አይሸጥም ተብሎ ነበር፣ ዘፋኙ ጆኒ ካሽ ራሱ መዝሙር ልቅዳ ብሎ መጥቶ ነው ሌላ አምጣ የተባለው። ግን ዲሴምበር 4 ቀን 1956 ምን ሆነ፣ ካርል ፐርኪንስ የሚባል ዘፋኝ ሰን ውስጥ እየቀዳ፣ ፒያኖ ላይ ያኔ ማንም የማያውቀው ጄሪ ሊ ሉዊስ፣ ኤልቪስ ለሰላምታ ጎራ አለ፣ ካሽም ነበር። ቁጭ አሉና መዝፈን ጀመሩ፣ ባለሙያው ቴፑን አስነሳው። እነዚህ ልጆች፣ የአሜሪካ ወላጆች እንቅልፍ ያጡባቸው ልጆች፣ ማንም ሳይከፍላቸው ምን ዘፈኑ ብትይ ትልቁ ክፍል መዝሙር ነው! ቅጂው ለሕዝብ የደረሰው ኤልቪስ ከሞተ በኋላ ነው። ለገበያ ቢሆን ይሄን ምን ትይዋለሽ?

ከወር በኋላ፣ ጃንዋሪ 6 ቀን 1957፣ በኤድ ሰሊቫን ቴሌቪዥን ሾው ለሦስተኛ ጊዜ ቀረበ። ካሜራው ከወገቡ በላይ ብቻ እንዲያሳየው የተደረገበት ፕሮግራም እሱ ነው፣ እግሩ ያባልጋል ተብሎ። እዛው ፕሮግራም ላይ «ፒስ ኢን ዘ ቫሊ» የሚለውን መዝሙር ቀጥ ብሎ ቆሞ ዘመረ፣ የሃንጋሪ ስደተኞችን ለመርዳትም ጥሪ ቀረበ። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶታል፣ የዓለም ቁጥር አንድ ነው፣ ደጋፊዎቹ የሚፈልጉት ጩኸት ነው። ያን ጊዜ መዝሙር ማስገባት የሚያተርፍ ነገር አልነበረም። ደግሞ መዝሙሩን የጻፈው ቶማስ ዶርሲ ነው፣ የጎስፕል አባት የሚባለው፣ እሱ ራሱ በፊት ጆርጂያ ቶም በሚል ስም ብሉዝ ይጫወት የነበረ፣ በ1932 ሚስቱና የተወለደው ልጁ ሞተውበት «ፕሬሸስ ሎርድ»ን የጻፈ ሰው። በሳምንቱ ኤልቪስ ሁለቱንም መዝሙሮች ስቱዲዮ ገብቶ ቀዳቸው።

እናቱ ኦገስት 1958 ስትሞት የዘመሩት ብላክውዶች ናቸው፣ የሷ ተወዳጆች ነበሩ። ኤልቪስ ተቀምጦ አንድ ሲጨርሱ ሌላ ጨምሩ እያለ ከታሰበው በላይ አዘመራቸው። ለሱ ማልቀሻም መዝሙር ነበር ማለት ነው።

ከወታደርነት ሲመለስ ኦክቶበር 30 ቀን 1960 ማታ ናሽቪል ስቱዲዮ ገባ። እስኪነጋ 14 ሥራ ጨረሰ። በአንድ ሌሊት! እኛ አንድ መዝሙር በሳምንት ሳንጨርስ ኢንጂነሩን የምናደርቀው ሰዎች እንፈር። ከ14ቱ አሥራ ሦስቱ መዝሙር ናቸው፣ አሥራ ሁለቱ «ሂዝ ሃንድ ኢን ማይን» የሚለው አልበም ሆኑ። አንዷ ብቻ የፍቅር ዘፈን ናት፣ «ሰሬንደር»፣ እሷም ቁጥር አንድ ወጣች። በያንዳንዱ ዘፈን መሃል ሄዶ ነፍሱን የቀየረ አይመስልም፣ ያው ማይክ ያው ሌሊት ያው ሰዎች። አሥራ ሦስተኛዋ መዝሙር «ክራይንግ ኢን ዘ ቻፕል» ናት፣ ሳትወጣ መደርደሪያ ላይ አምስት ዓመት ተቀመጠችና በ1965 ስትወጣ አሜሪካ ሦስተኛ፣ እንግሊዝ አንደኛ ሆነች። ያኔ ቢትልስ ዓለሙን የያዙበት፣ እሱ በዓመት ሦስት ሦስት ቀሽም ፊልም እየሠራ የተረሳበት ጊዜ ነው፣ ያዳነችው የአምስት ዓመት ዕድሜ ያላት መዝሙር ናት።

በዛው የፊልም ዘመን ከሁለት ዓመት በላይ ከፊልም ዘፈን ውጪ ለመቅዳት ስቱዲዮ አልገባም። ሜይ 1966 ሲመለስ የመረጠው ሥራ ምንድነው? መዝሙር፣ ያ የ1967ቱን ግራሚ ያገኘው አልበም። ከኋላው ጆርዳኔርስ የሚባሉት ኳርቴት አሉ፣ በዛ ላይ ኢምፔሪያልስ የሚባሉ ተጨመሩ፣ የነሱ መሪ ደሞ ማን ነው፣ ጄክ ሄስ! ያ የስቴትስመኑ ሊድ፣ ልጅ ሆኖ አፉን ከፍቶ ያየው የነበረው። እስቲ አስቢው፣ የልጅነት ጀግናሽ አጠገብሽ ቆሞ ላንቺ ባክግራውንድ ሲሠራ። እንደ ድምፅ አሠልጣኝ «ሃው ግሬት ዛው አርት»ን ሁለት ጊዜ ስሚያት እልሻለሁ። መጀመሪያ ስትሰሚ እሱን ብቻ ተከተይው፦ ሲጀምር ከታች ነው፣ ለራሱ የሚያወራ ነው የሚመስለው፣ አየር ይበዛዋል ድምፁ፣ ሕዝብ ፊት የቆመ ሰው አይመስልም። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ደረቱን ይከፍተዋል፣ መጨረሻ ላይ ጄክ ሄስ ኤሊስ አዳራሽ ውስጥ ያደርግ የነበረውን ነገር ነው የሚያደርገው፣ ሰማዩን ይደበድበዋል። ሁለተኛ ስትሰሚ ደሞ እሱን ተይውና ከሥር ያሉትን ወንዶች ስሚ፣ እሱ በወጣ ቁጥር እነሱ እንዴት ሰፍተው እንደሚቀመጡለት። ሃርመኒ መያዝ አትችልም የተባለው ልጅ ሃርመኒውን በሙሉ ከበታቹ አነጠፈ።

የ1968ቱን የቴሌቪዥን ፕሮግራም ሁሉም ሰው በጥቁር ቆዳ ልብሱ ነው የሚያስታውሰው፣ መሃሉ ላይ ግን ሙሉ የጎስፕል ክፍል አለ፣ እሱን አትዝለዪው።

ከዛ ላስ ቬጋስ መጣ፣ 1969። መድረኩን ስታዪው ሮክ ኮንሰርት አይመስልም ብዬ ብልሽ ትቆጪኛለሽ፣ ግን ቁጠሪ፦ በአንድ በኩል የወንዶች መዝሙር ኳርቴት፣ መጀመሪያ ኢምፔሪያልስ በኋላ ከ1971 መጨረሻ ጀምሮ ስታምፕስ፣ በሌላ በኩል ስዊት ኢንስፒሬሽንስ የሚባሉ ከቤተ ክርስቲያን የወጡ ጥቁር ሴቶች፣ መጀመሪያ ላይ የዊትኒ ሂውስተን እናት ሲሲ ነበረችበት። የነጮቹ ኤሊስ አዳራሽና የጥቁሮቹ ኢስት ትሪግ አንድ መድረክ ላይ ግራና ቀኝ ቆሙለት ማለት ነው፣ በልጅነቱ በሕግ አንድ ላይ መቀመጥ ያልቻሉት። ሾው ሲያልቅ ደሞ ሰው ቁማር ሲጫወት እሱ ዘማሪዎቹን ወደ ክፍሉ ሰብስቦ ፒያኖ ዙሪያ እስኪነጋ መዝሙር ያዘምራቸዋል፣ አብረውት የሠሩ ሰዎች ደጋግመው የሚናገሩት ነው። የሁለት ሾው ድካም ላይ ማለት ነው። እኔ እንደነሱ ብሆን አምልጬ እተኛ ነበር፣ እውነቴን ነው።

የስታምፕስ መሪ ማን ነው? ጄ ዲ ሰምነር። የኋላ በሩ ሰውዬ። ኤልቪስ ያን ድምፅ እንደ መጫወቻ ነበር የሚወደው፣ ሰምነር በዘመኑ ዝቅተኛውን ኖት በመምታት የሚታወቅ ሰው ነው። «ዌይ ዳውን» የሚለውን፣ ሊሞት ሁለት ወር ሲቀረው የወጣውን ዘፈን መጨረሻ በጥሩ ሄድፎን ስሚ፣ በስልክ ስፒከር አይሰማም። ሰምነር ይወርዳል፣ ይወርዳል፣ አለቀ ስትዪ አሁንም ይወርዳል፣ የፒያኖ ግራ ጫፍ አካባቢ ይደርሳል። ዘፈኑ የፍቅር ነው፣ መጨረሻው ግን የኳርቴት ቀልድ ነው፣ ኤሊስ አዳራሽ ውስጥ ሕዝብ ያስጮህ የነበረው ዓይነት።

አሁን እኛ ጋ ስላልሽው። እውነት ነው፣ እኛ ጋ መስመሩ ወፍራም ነው። ሙሉቀን መለሰ በዛ ድምፁ ጌታን ሲያገኝ ዘፈኑን ዘግቶ ሄደ፣ ሂሩት በቀለም እንደዛው፣ ከዛ ወዲያ የምናውቃቸው ዘማሪ ሆነው ነው። ግን ይሄ የኛ ብቻ አይምሰልሽ፣ የኤልቪስ አገርም መስመሩ ነበር፣ በ1956 ሰባኪዎች በስሙ ጠርተው ያወግዙት ነበር። ሊትል ሪቻርድ በ1957 ክብሩ ጫፍ ላይ እያለ አቁሞ ነገረ መለኮት ሊማር ገባ፣ ከዛ ተመለሰ፣ ደግሞ ሄደ። ሳም ኩክ ከሶል ስቲረርስ ኳርቴት ወጥቶ ዓለማዊ ሲዘፍን የመዝሙር ሕዝቡ ከዳኸን አለው። ጄሪ ሊ ዕድሜውን ሙሉ ሲኦል እገባለሁ እያለ ነው የኖረው።

ኤልቪስን ከነዚህ ምን ለየው? ሁለት ነገር ይመስለኛል። አንደኛ ሶንግፌሎውስ ስላልተቀበሉት መዝሙርን ሙያው አድርጎ አያውቅም፣ ከየትም ወጥቶ አልሄደም፣ ስለዚህ ከዳተኛ የሚለው ወገን አልነበረም። ያ ውድቀቱ ነጻ አወጣው በይው። ሁለተኛ አላደባለቀም። ሬይ ቻርልስ በ1954 የመዝሙር ዜማ ወስዶ ኢየሱስ የነበረበት ቦታ ሴት አስገባ፣ ሕዝበ ክርስቲያኑ ያበደው በዛ ነው። ኤልቪስ መዝሙር ሲዘምር ቃሉን አልነካም፣ ዘፈን ሲዘፍን ዘፈን ነው። ሁለት ማሰሮ አንድ እሳት ላይ ጥዶ ወጡን ያልቀላቀለ ሰው ነው። ዝማሬው ቅዱስ አደረገው ወይ ካልሽኝ ኑሮውን ታውቂዋለሽ፣ የሐኪም መድኃኒቱን፣ ትዳሩን፣ አርባ ሁለት ዓመቱ ላይ መሞቱን። እኔ የምመሰክረው ስለ ፍቅሩ ነው፣ ስለ ነፍሱ ባለቤቱ ያውቃል። ሲቀበር ጄክ ሄስ ዘመረለት፣ ጄምስ ብላክውድ ከስታምፕስ ጋር «ሃው ግሬት ዛው አርት»ን ዘመረለት። በልጅነቱ ትኬት እየቆረጠ ያያቸው ሰዎች ናቸው የቀበሩት።

(ወደኛ የመጣው ኤልቪስ ግን ግማሹ ብቻ ነው። አስመራ ቃኘው ጣቢያ የነበሩት አሜሪካኖች ሬዲዮ፣ ፊልም ቤቶቹ፣ ሸክላው፣ ይዘውልን የመጡት ፀጉሩንና እግሩን ነው። ነፍሱን ይማርና ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያ ኤልቪስ» ሲባል ማንም መዝሙሩን አስቦ አይደለም። አንቺም አሁን መገረምሽ ከዛ የመጣ ነው።)

ከየት ልጀምር ላልሽው፣ ከ1960ው አልበም «ሚልኪ ዋይት ዌይ»ን ስሚ፣ የጥቁሮች ኳርቴት መዝሙር ነው፣ በዛ ቀለል ያለ አዘማመሩ ከትከሻሽ ትጀምሪያለሽ። ከዛ ከ1966ቱ «ራን ኦን»፣ ፈጣን ናት፣ ሮክ ኤንድ ሮል ከየት እንደመጣ ማስረዳት የሚያስፈልጋት አይመስለኝም። ከዛ የ1966ቱን «ሃው ግሬት ዛው አርት» እንዳልኩሽ ሁለቴ፣ ቀጥሎ የ1974ቱን የሜምፊሱን ላይቭ፣ ድምፁ ወፍሯል፣ ትንፋሹ እንደ በፊቱ አይደለም፣ ግን ግራሚ የሰጡት ለዚያኛው ነው፣ ስትሰሚው ለምን እንደሆነ ይገባሻል።

የመጨረሻው በዓይን የሚታይ ነው። በ1972 የወጣ «ኤልቪስ ኦን ቱር» የሚል ዶክመንተሪ አለ። መድረክ ላይ ሆኖ ሕዝቡ እየጮኸለት እሱ ያቆማቸውና እኔ የማልዘምረው አንድ መዝሙር አለ፣ እነሱ ይዘምሩታል፣ እባካችሁ ዝም ብላችሁ አዳምጡ ይላል፣ ስታምፕሶች «ስዊት ስዊት ስፒሪት»ን ይጀምራሉ። ካሜራው ዘማሪዎቹ ላይ ሲሆን አንቺ እሱን ፈልጊው። ላቡ እየወረደ፣ ወደነሱ ዞሮ ቆሟል፣ ከንፈሩ ትንሽ ትንሽ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን አያወጣም።